የሰማዩ ፊልም ሙዚቃ

ባለቤቴን የተዋወቅሁት በፉጨቱ ነው። በሃምሳዎቹ መጨረሻ ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አብረን እናስተምር ነበር፤ እኔ አማርኛ፣ እሱ ሳይንስ። መስከረም ላይ አዲስ ተመድቦ እንደመጣ፣ አንድ ጠዋት መምህራን ክፍል ውስጥ ጠመኔ እየመረጠ ያፏጫል። የምን ዜማ እንደሆነ ብጠይቀው፣ በዚያው ክረምት አዲስ አበባ በቴሌቪዥን ያየው ስለ ሰማይ የሚያስተምር ተከታታይ ፊልም ሙዚቃ መሆኑን ነገረኝ።

ፊልሙን እኔም አይቼዋለሁ። ለመምህራን የሚሰጠውን የክረምት ኮርስ በወሰድኩበት ኮሌጅ አዳራሽ ውስጥ አንድ ቴሌቪዥን ነበር። ሐሙስ ሐሙስ አመሻሽ ላይ ያ ፊልም ሲታይ መቀመጫ አይገኝም። ስለ ፀሐይ፣ ስለ ጨረቃ፣ ስለ ጅራታም ኮከብ በአማርኛ ያስረዳል። እሱም ለካ በዚያው ክረምት የኮርሱ ተማሪ ኖሮ፣ እዚያው አዳራሽ ከኋላ ቆሞ ያይ ነበር። ከትምህርቱ ብዙው ጠፍቶብኛል፤ ሙዚቃው ግን ከጆሮዬ አልወጣም። እሱ የሚያፏጨው ደግሞ ያ ሙዚቃ አልነበረም።

“ተሳስተዋል መሰለኝ” አልኩት፤ ያኔ ገና እርስዎ እንባባላለን። ከዚያ እኔ የማውቀውን አንጎራጎርኩለት።

ጠመኔውን አስቀምጦ እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣ “ደስ ይላል፤ ግን ሌላ ቦታ የሰሙት ነው” አለኝ።

ተናደድኩ። በጆሮዬ የምተማመን ሰው ነኝ። አባቴ አንኮበር መሪጌታ ናቸው፤ ያደግሁት ደቀ መዛሙርት ዜማ ሲያጠኑ እየሰማሁ ነው። እሱም ቢሆን የሚበገር አልሆነም። በየዕረፍቱ ሰዓት ያው ክርክር ሆነ፤ ሌሎቹ መምህራን ሰልችቷቸው ስንጀምር ሻያቸውን ይዘው ወደ ደጅ ይወጡ ጀመር።

በመጨረሻ ዳኛ እንፈልግ ተባባልን። በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የሚያስተምር አንድ አሜሪካዊ ነበር፤ የሸክላ ማጫወቻና አንድ ሣጥን ሙሉ ሸክላ እንዳለው ይወራል። ቅዳሜ ከሰዓት ሄድን። ቤቱ ብርድ ነበርና ጉልበታችን ላይ የበግ ጠጉር ባና ደርቦልን የሁለታችንንም ዜማ በጥሞና አደመጠ። ፊልሙን አገሩ ሳለ እንዳየውና እንደሚያስታውሰው ነገረን። ነገር ግን ያፏጨነውም ሆነ ያንጎራጎርነው በውስጡ እንደሌለ፣ እኛን ላለማስቀየም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨመረበት። ቢሆንም ሣጥኑን ከፍቶ ሸክላዎቹን እያፈራረቀ አጫወተልን። የባለቤቴንም የኔንም የሚመስል አልተገኘም።

ስንወጣ ደጁ ጭጋግ ወርዶበታል። ሁለታችንም መሳሳታችን ቢነገረንም አንዳችንም አላመንንም፤ እንዲያውም በአሜሪካዊው ላይ አንድ ሆነን ቤቴ እስክንደርስ ሰውየውን ስናማ ሄድን። ቤቴ በር ላይ አንቺና አንተ መባባል ጀምረን ነበር። ጥር ሲገባ ሽማግሌ ላከ።

ከሠርጉ በኋላ በፋሲካ አንኮበር ወረድን። አባቴ ነገሩን ከሰው ሰምተው ኖሮ ምሳው ተበልቶ እንዳለቀ ሁለታችንንም አስቀመጡና እንድናሰማቸው አዘዙን። መቋሚያቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙን። እኔ እንደሚፈርዱልኝ አልተጠራጠርኩም። እሳቸው ግን የልጃቸው ባል ዜማ እንደሚበልጥ፣ የኔ እየተንቀዋለለ የትም እንደማይደርስ ተናገሩ። አማቻቸውን ወደውት ስለነበር ፍርዱን አልተቀበልኩም፤ እናቴም ከጓዳ ሆና ሳቀችባቸው።

ክረምት ሲመጣ ለሁለተኛው ኮርስ አብረን አዲስ አበባ ገባን። ፊልሙ በዚያ ዓመት አይታይም ነበር። አንድ ቀን ከክፍል በኋላ ባለቤቴ፣ ከምንጨቃጨቅ ለምን ቴሌቪዥን ጣቢያው ሄደን አንጠይቅም አለ። እኔ እንደዚያ ያለ ቦታ ለዘፈን ብለው የሚሄዱበት አይመስለኝም ነበር። ሄድን። ዘበኛው ጉዳያችንን ሲሰማ ግራ ገብቶት ሸክላዎቹን ወደምትጠብቅ ሴት ክፍል ላከን።

በእኛ ዕድሜ ያለች፣ ፊቷ የሚስቅ ሴት ናት። ስለ ሙዚቃው የጠየቃት ሰው እስካሁን እንደሌለ ነገረችን። ፊልሙ ከውጭ የመጣው ንግግሩና ሙዚቃው አንድ ላይ ተቀርጾ ነው። በአማርኛ ለማስረዳት ንግግሩን ሲዘጉት ሙዚቃውም አብሮ ጠፋ። ስለዚህ እሷ ራሷ እዚህ ካሉት ሸክላዎች መርጣ ትጨምርበት ነበር። አሜሪካዊው ልክ ነበር ማለት ነው፤ እሱ ያየው ፊልም ሌላ ሙዚቃ ነበረው።

ከመደርደሪያው አንድ ሸክላ አውጥታ ማጫወቻው ላይ አስቀመጠችው። ወፍራም ድምፅ ያለው ቫዮሊን መሰል መሣሪያ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ የባለቤቴ ዜማ ነበር። ፊቱ በራ። ከዚያ ግን ወደኔ አየና አንገቱን ደፋ፤ አሸነፍኩ አላለም። እኔ ዓመት ሙሉ ይዤው የኖርኩት ነገር ከየት የመጣ እንደሆነ ማወቅ አቃተኝና፣ ለራሴ ያህል ዝቅ አድርጌ አንጎራጎርኩት።

ሴትዮዋ ሸክላውን አቆመችው። “ይሄማ የመጨረሻው ነው” አለች። “አኮርዲዮኑ።”

ሸክላው ፊልሙ ሳያልቅ ያልቅባት ስለነበር፣ ለማሳረጊያው፣ መብራት የሚያስተካክል አንድ ባልደረባዋ እዚያው ሆኖ አኮርዲዮን ይጫወትላት ኖሯል። ያኔ ነው እኔና ባለቤቴ የተያየነው። እሱ አጎቱ ቤት ያድር ስለነበር የመጨረሻው አውቶቡስ እንዳያመልጠው ፊልሙ ሳያልቅ ይወጣል። እኔ የባልትና ትምህርት ነበረኝና ዕቃውን አጣጥቤ እስክመጣ ፊልሙ ከተጀመረ ይቆያል፤ ሸክላውም ወደ ማለቁ ነው። ስንቱን ስንጨቃጨቅ መቼ እንደገባንና መቼ እንደወጣን ተጠያይቀን አናውቅም።

ሴትዮዋ ሰውየውን አስጠራችው። ጠና ያለ ሰው ነው፤ አኮርዲዮኑን ደረቱ ላይ አድርጎ መጣ። ነገሩን ስንነግረው ደስ አለው፤ ግን ጣቶቹን ቁልፎቹ ላይ ወዲያና ወዲህ አንሸራትቶ ዜማው እንደጠፋበት ተናገረ። ከራሱ ያመጣው ነበር፤ ፊልሙ ሲያበቃ እሱም ተወው። የተቀረጸም የለም።

“እስቲ አንቺ በይው” አለኝ።

አፈርኩ። ባለቤቴ በክርኑ ነካ ሲያደርገኝ ጀመርኩ። ሰውየው ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ተከተለኝ። አንድ ቦታ ላይ ዜማውን ከፍ ሲያደርገው፣ እዚያ ጋ እንደሚወርድ ነገርኩት፤ መለሰው፤ ወረደ። ሁለተኛውን ዙር ያለኔ ተጫወተው። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ትከሻውን እያወዛወዘ፣ እኔ የማላውቀውን ጭምር ጨምሮበት ተጫወተው። ክፍሉ ጠባብ ስለነበር ድምፁ ደረቴ ውስጥ ይሰማኛል።

ባለቤቴ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ሰማ። ሲያልቅ ቀስ ብሎ፣ “ይሄንን ሳልሰማ ነው ስሮጥ የምወጣው የነበረው?” አለኝ።

ከዓመት በኋላ ሁለታችንም አንኮበር አጠገብ ወዳለችው ጎረቤላ ተዛወርን፤ ልጆቻችንንም እዚያው ወለድን። ዛሬ ቴሌቪዥን ቤታችን አለ። ባለቤቴ ማንኛውም ፊልም ሲያልቅ፣ የሠሩት ሰዎች ስም ተዘርዝሮ ሙዚቃው እስኪቆም ድረስ ማንም እንዲያጠፋው አይፈቅድም። ልጆቹ አልቋል እኮ፣ ምን ቀረው እያሉ ያጉረመርማሉ። እኔ የቀረበውን እራት መልሼ እከድናለሁ፤ አጠገቡ እቀመጣለሁ።