ሳጥኑ እስኪሞላ

የባሌን እህት ወድጃት አላውቅም፤ እሷም ዓይኔን ማየት አትፈልግም ነበር። ሰፈሩ በምላሷ የተነሳ «ምላጭ» ይላታል። ከዋናው መንገድ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ሹሩባ ትሠራ ነበር። እጇን የሚያክል ስለሌለ እየተሰደብንም ቢሆን እሷው ጋ እንሄዳለን።

የወር አበባዋ ከተቋረጠ ከዓመታት በኋላ ደም ይፈሳት ጀመር። ጤና ጣቢያ ሄደች፤ ከማህፀኗ በር ናሙና ወሰዱና «ውጤቱ ሲመጣ እንጠራዎታለን» አሏት። ማን ይጥራት! ወራት አለፉ፤ ደሙም አልቆመ። ሄዳ ስትጠይቅ ናሙናዋ እዚያው ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጦ አገኘችው።

«ወደ ሆስፒታል የሚላከው ሳጥኑ ሲሞላ ነው» አላት የላቦራቶሪው ሰውዬ። «ለጥቂት ናሙና መኪና አይወጣም።»

«እኔ ስሞት ይሞላልሃል?»

«ሰው ካልመጣ ምን ላድርግ፣ እናቴ?»

ይህን ስሰማ፣ እኔ የማልወዳት እንኳ፣ ደሜ ፈላ። ለነዳጅ ይሰስታሉ፤ ለሴት አይሰስቱም።

በማግስቱ ሹሩባ ልሠራ እሷ ጋ ሄድኩ። ግማሽ ራሴን ጎንጉና ማበጠሪያውን ወረወረችው።

«ተነሺ! ናሙና ሰጥተሽ ስትመጪ ሌላውን እጨርስልሻለሁ።»

«አብደሻል እንዴ? እኔ ምንም አላመመኝም!»

«ላንቺ ብዬ መሰለሽ? ሳጥኑን ሙይልኝ!»

በዚያ ሳምንት የመጣችውን ሁሉ እንዲሁ አደረገቻት። ግማሹ የተጎነጎነ፣ ግማሹ የተንጨባረረ ራሳችንን በሻሽ ሸፍነን፣ እየረገምናት ጤና ጣቢያው በር ላይ ተኮለኮልን። ሳጥኑ ሞላ፤ መኪናውም ወጣ።

ውጤቱ ሲመጣ፣ እኔን ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል ነገር ጀምሮኝ ኖሯል። ገና ስለነበር እዚያው አክመው ሸኙኝ። የእሷ ግን ካንሰር ሆኖ ተሠራጭቷል።

«ትንሽ ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ» አላት ሐኪሙ።

«ቀድሜ መጥቻለሁ!» ጮኸችበት። «ሳጥናችሁ ውስጥ ነበርኩ!»

አልጋ ላይ ከዋለች በኋላ ላመሰግናት ሄድኩ። አፌን ሳልከፍት «ዝም በይ» አለችኝ። «አንቺን ለማዳን አልነበረም የደከምኩት።» እውነቷን ነው። እዚያው ፊቷ አለቀስኩ፤ እሷ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከቀበርናት በኋላ ለክትትል ጤና ጣቢያ ስሄድ ሳጥኑን በዓይኔ አየሁት። ግማሽ ነው።

«ሲሞላ ይላካል» አለኝ ሰውዬው፣ ቀና እንኳ ሳይል።

ማበጠሪያዋ ዛሬ እኔ ጋ ነው። ምን ያደርጋል፣ ሹሩባ መሥራት አልችልም።