ለባለቤቴ የተጾመ የሕንድ ጾም

ባለቤቴ እህል ከአፏ ከራቀ ሰንብቶ ነበር። ሐኪሙ «ካልበላች መድኃኒቱ ራሱ ይጎዳታል» ብሎኛል፤ ጧት ማታ ማንኪያ ይዞ መለመን ሆነ ሥራዬ። ጊዜው ሁዳዴ ነው። የአዳማ ፀሐይ ቆርቆሮውን አግሎት፣ ክፍላችን ውስጥ ጤነኛውም ሰው እህል አያሰኘው።

የምንኖረው ከግቢው ጓሮ ነው። ዋናውን ቤት ሕንዶች ተከራይተውታል፤ ባልየው ያስተምራል፣ ሚስትየው ቤት ትውላለች። እኔ በር እጠብቃለሁ፣ አትክልት አጠጣለሁ። ሴትዮዋ አማርኛውን ከገበያ ነው የለቀመችው፤ እኔን «አባባ»፣ ባለቤቴን «እማማ» ትለናለች።

አንድ ቀን ልትጠይቅ ገብታ የባለቤቴን እጅ ይዛ ቆየችና፣ «ነገ ለእማማ እጾማለሁ። ቪሽኑ ይሰማል» አለች። ቪሽኑ አምላካቸው ነው፤ ጨረቃዋን ቆጥረው በአሥራ አንደኛው ቀን ይጾሙለታል። እኔ ሃይማኖታቸውን አላውቀው፤ ብቻ ለኔ ሰው ብላ የምትራብ ሰው በመገኘቷ ሆዴ ባባ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አትክልት ሳጠጣ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ወተት ስትጠጣ አየኋት። ሙሉ ብርጭቆ! ገብቼ ለባለቤቴ፣ «ያቺ ልጅ ገደፈች» አልኳት።

«ረስታው ይሆናላ» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። «የጾም ሽሮ ሥራና ውሰድላት፤ ከእንግዲህ እንኳ ታጥብቅ።»

«አንቺ ሳትቀምሺ?»

«አንተ ሰውዬ፣ የሷ ጾም ለኔ አይደል? ቢፈርስ የምጎዳው እኔ ነኝ። ተነስ!»

ለካ ተስፋ አድርጋበታለች። ደስ እያለኝ ምድጃውን ለኮስኩ። «ሽንኩርቱን አታሳርረው!» ትለኛለች ከአልጋዋ፤ ድምፅዋ ግን እኔ ጋ ሲደርስ አልቆ ነው።

ሴትዮዋ ሳህኑን ስታይ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ ገጠመች። «አባባ፣ ሽሮ አተር ነው። ዛሬ አተር የለም። ሩዝ የለም። እንጀራ የለም።»

«ወተትሳ?»

«ወተት ጾም ነው!»

«እንዴት አድርጎ ነው ጾም የሆነው ልጄ? ወተት እኮ ከላም ነው!»

ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ የሞቀ ወተት ይዛ ተከትላኝ መጣችና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «እማማ፣ የጾም ነው፣ ጠጪ።»

ባለቤቴ ብርጭቆውን አይታ ከንፈሯን ገጠመች።

«ለታመመ ሰው ቄሱ ፈቅደዋል እኮ» አልኳት።

«ሞት ደጄ ቆሞ ልግደፍ? ምን ብዬ ልቀርብ ነው?»

ሽሮው በዚህ፣ ወተቱ በዚያ። የአንዷ ጾም ለሌላይቱ ፍስክ ነው። እኔ መሀላቸው ቆሜያለሁ።

ድንች ነው የገላገለን። ሴትዮዋ «ድንች?» ብትል፣ ባለቤቴ «ድንችማ ምን አለበት» አለች። ቀቀልኩ። ሴትዮዋ በዚያ ቀን የሱቅ ጨው አይበላም ብላ የራሷን ጨው ከቤቷ አመጣች። ድንቹን በጣቷ ፈርፈር አድርጋ አጎረሰቻት። ዋጠች። ደግማ አጎረሰቻት፤ እሱንም እንደምንም ዋጠችው። እኔ ልቤ ሮጦ ነገ ከደራ ገበያ የሚመጣውን ድንች ስለመግዛት፣ ለስለስ አድርጎ ስለመፍጨት ማሰብ ጀምሯል። ሦስተኛው ግን ከአፏ ተመልሶ ትራሱ ላይ ወደቀ።

«ጠገብኩ» አለች።

አብሬያት የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ምኑን እንደጠገበችው አላጣሁትም። ሴትዮዋ ግን ቃሉን የምታውቀው ከማዕድ ነው። ፊቷ በራ። «አባባ፣ ጠገበች! እማማ ጠገበች!» አለችኝ፤ ቀኑን ሙሉ የጾመችበትን ያገኘች መስሏት።

ባለቤቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ በኋላ ምንም ብለምናት አፏን ለእህል አልከፈተችም።

«አዎ ልጄ» አልኳት ሴትዮዋን፣ «ጠገበች።»