ከጎን የበቀለው ሥር

ዛሬ ዳንግላ ባለው ጓሮዬ ስኮተኩት የወይን ጠጅ ቀለም ያለውን አበባዬን ቅጠሉን ጨፈለቅሁት። መረር ያለው ሽታው ወደ ቆሰበር፣ ወደ እናቴ አጥር ሥር ወሰደኝ።

ልጅ ነበርሁ፣ ወሩም ሰኔ። ግምጃ ቤት ከተማ የተዳረችው እህቴ ለጥየቃ መጥታ ልትመለስ ስትል እናቴ ያን አበባ ከነሥሩ ነቀለችው። በየዓመቱ መስከረም ላይ ሳይዘሩት ራሱ የሚያብብልን አበባ ነበር።

«እማዬ፣ ገደልሽው!» ብዬ ጮኽሁ።

«ዝም በይ አንቺ! ካልከፈሉት ነው የሚሞተው» አለችኝ። ሥሩን በጣቷ እየዳሰሰች ከጎን የበቀለውን፣ ነጭ ቡቃያ ያወጣውን መረጠች። በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ለእህቴ ሰጠቻት።

«መሃሉን ስጪኛ፣ እሱ ይተልቃል» አለች እህቴ እየሳቀች።

«መሃሉ አርጅቷል፤ እሱ ለእኔ ይቅር። አገር የሚለምደው ወጣቱ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞር አለች። «የዚችም ቀኗ ይደርሳል።»

ስለ አበባው የምታወራ መስሎኝ የቀረውን ሥር በሁለት እጄ ሸፈንሁት። እናቴ ሳቀች፤ ዓይኗን ግን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

ቀኔ ደረሰና እኔም ሥሬን በኮባ ይዤ ወደ ዳንግላ ተዳርሁ። ባለፈው ልጠይቃት ስሄድ አጥሯ ሥር የቀረው ደርቆ አገኘሁት።

«ምነው እማዬ?» አልኋት።

«አረጀ፣ ልጄ» ብላ ሌላ ወሬ ጀመረች።

ዛሬ ከእኔው አበባ ከጎን የበቀለውን መረጥሁላት። ነገ ይዤላት እሄዳለሁ። እሱ እዚያው ከእሷ ጋር ይቀራል፤ እኔ ግን አድሬ እመለሳለሁ።