ሊቀመንበሩና የእናቴ ድስት ክዳን

ዛሬ ጠዋት ሳማ ለበለበኝ። ቱሉ ዲምቱ ታክሲ እየጠበቅኩ ነበር። እየጠበቅኩ ነበር ስል ለአነጋገር እንጂ፣ እዚያ ሰልፍ ላይ ጢም አብቅዬ፣ ሸብቼ፣ ልጅ ድሬ፣ ጡረታ ልወጣ ትንሽ ነው የቀረኝ። እግሬ ሲዝል ከሰልፉ ዳር ወዳለው አጥር ጠጋ ብዬ እጄን ወደ ኋላ ሰደድ ሳደርግ፣ ከአጥሩ ሥር የበቀለው ሳማ የእጄን ጀርባ አገኘው።

ሌላ ሰው ቢሆን ይራገም ነበር። እኔ ግን እጄን ወደ አፍንጫዬ ወስጄ አሸተትኩት። የተቀጠፈ ሳማ እርጥብ ሽታ አለው፤ ገና ዝናብ የነካው አፈር የሚሸተውን ዓይነት። ያ ሽታ ከተቀቀለ እንቁላል ጋር ሲደባለቅ የአባቴ ሽታ ነው። አትሳቅ። የሌላው ሰው አባት በሽቶ ወይ በሲጋራ ይታወሳል፤ የእኔ በሳማና በእንቁላል።

ቤታችን አቃቂ፣ ከሐዲዱ ማዶ ነበር። አባቴ ዕድሜውን በሙሉ ባቡር ጣቢያ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሥራው ፊሽካ መንፋት ነበር፤ እሱ ካልነፋ ባቡሩ አይነሳም። ቢያንስ ለእኛ ለልጆቹ እንደዚያ ነበር የሚነግረን። ድሬዳዋ ያለ ሰው ሁሉ ምሳውን የሚበላው በአባቴ ትንፋሽ ይመስለን ነበር። ጡረታ ሲወጣ ፊሽካዋን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ቤት ገባ። ባቡሩም እየሳሳ መጣ፤ መጀመሪያ አልፎ አልፎ፣ ከዚያ ሲያሻው፣ ከዚያ ጭራሽ ቀረ። ከባቡሩ ጋር የአባቴም ድምፅ ቀረ። ጠዋት ይወጣል፣ በረንዳው ላይ ይቀመጣል፣ ሐዲዱን ሲያይ ይውላል፣ ሲመሽ ይገባል።

«ምን ላምጣልህ?» ትለዋለች እናቴ።

«ምንም።»

«አመመህ?»

«አላመመኝም።»

ከዚህ በላይ ቃል ካወጣ ያ ቀን በዓል ነው።

አንድ ቀን ግን በጋሪ ሁለት ጆንያ ጭኖ መጣ። ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ የነበረ አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ፣ በጓሮው የሚያረባቸውን ወፎች ለማን እንደሚተው ጨንቆት ለአባቴ አስረክቦታል። ጆንያው ሲፈታ ሰፈሩ ሁሉ አጥራችን ላይ ተንጠለጠለ። ተርኪ የሚሉትን ግዙፍ የፈረንጅ አገር ወፍ አይተን አናውቅም ነበር። ሴቷ ግራጫና ዓይን አፋር ናት፤ መኖሯንም ልብ ያለ አልነበረም። አውራው ግን እንዴት ብዬ ልንገርህ። ጥቁር ላባው ፀሐይ ሲያገኘው ውሃ ላይ እንደፈሰሰ ናፍጣ አረንጓዴና መዳብ እየሆነ ያብለጨልጫል። ራሱ መላጣ፣ አንገቱ ላይ ቀይ የሥጋ ዶቃ የተደረደረ፣ ከአፍንጫው ላይ ደግሞ እንደ ቋንጣ የሆነ ነገር ወደ ታች የተንጠለጠለ። ቁመቱ? እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት የምጠብቅ ጎረምሳ ነበርኩ፤ ከእሱ ጋር ዓይን ለዓይን ነበር የምንተያየው። እሺ፣ እኔ ተቀምጬ።

ደረቱን ነፍቶ፣ ጅራቱን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ፣ ክንፉን መሬት ላይ እየጎተተ ግቢውን አንዴ ዞረና ፊቱን አቅልቶ ረጅም ንግግር አደረገ። የማረሚያ ቤት ጠባቂ የሆነው ጎረቤታችን ከአጥሩ ማዶ ሆኖ አዳመጠውና «ይሄማ የቀበሌ ሊቀመንበር ነው» አለ። ስሙ በዚያው ጸና።

እናቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት።

«ይበላል?»

«እንዲረባ ነው ያመጣሁት» አለ አባቴ። «ይፈለፍላሉ። ለየቤቱ ይዳረሳል። አቃቂን በተርኪ ነው የምሞላት።» በዚያ ዓመት የተናገረው ረጅሙ ነገር ይህ ነበር።

«እሱን አልጠየቅኩህም። ይበላል ወይ ነው ያልኩህ።»

የሊቀመንበሩ ጠባይ የታወቀው በነጋታው ነው። አባቴ እንደ ልማዱ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ምን ትዝ እንዳለው እንጃ፣ ፊሽካዋን አንስቶ አንዴ ነፋት። ከጓሮ «ግሉግሉግሉግሉ» የሚል መልስ መጣ። አባቴ ዞር አለ። ደግሞ ነፋ። ደግሞ መልስ መጣ። በዚያ ጠዋት አባቴ ሲነፋ፣ ወፉ ሲመልስ፣ እኔ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴ ብቻውን ሲስቅ ሰማሁ።

ይህ ወፍ ለጮኸ ነገር ሁሉ መልስ የመስጠት ግዴታ ነበረበት። የፋብሪካው ጡሩምባ ሲነፋ ይመልሳል። ቆራሌው ሲጣራ፣ በር ሲላተም፣ ጎረቤታችን ሲያስነጥስ ይመልሳል። «እኔ መሥሪያ ቤት ያን ሁሉ ሰው ስጠብቅ እንዲህ የሚመልስልኝ አጋጥሞኝ አያውቅም» ይል ነበር ሰውዬው። የእናቴ የድስት ክዳን ማድ ቤት ሲሚንቶ ላይ ሲወድቅማ ሦስቴ ነው የሚመልሰው።

«አሁን ይሄ ምን አገባው?» ትላለች እናቴ። «ክዳን ወደቀ። ስብሰባ ተጠራ እንዴ?»

ከዚያ ወዲያ ክዳን ከእጇ ወድቆ አያውቅም። ድሮም እቃ የሚያመልጣት ሴት አልነበረችም፤ ከዚያ በኋላ ግን ክዳኑን እንደ አራስ ልጅ ነበር የምታስተኛው።

ጾሙ ሲጋመስ የንስሐ አባታችን ቤታችንን ጠበል ሊረጩ መጡ። እናቴ ረጭተው እንኳ ሳይጨርሱ ወደ ጓሮ ወሰደቻቸው።

«አባ፣ እስቲ ይኼን ይዩልኝ። ለፋሲካ ይሆናል?»

አባ ጭራቸውን እያወዛወዙ ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ሊቀመንበሩም ተመለከታቸውና ለክብራቸው ጅራቱን ዘረጋ።

«እግሩ የዶሮ ነው» አሉ አባ። «ጥሬ ይለቅማል። ጥንብ አይነካም?»

«ኧረ አይነካም። የእኔን ጎመን ነው የጨረሰው።»

«እንግዲያ የዶሮ ወገን ነው። ይበላል። ስለ ፊቱ ግን ምንም ልልሽ አልችልም፣ ልጄ።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የእናቴ ጭንቀት የብልቱ ጉዳይ ሆነ። ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ይወጣዋል፤ የዚህ አንዱ ታፋ ብቻ አንድ ዶሮ ነው። «ፈረሰኛውን አባታችሁ ብቻውን አይችለውም፤ ዕድር ይጠራል» ትላለች፣ በዓይኗ እየገነጣጠለችው።

አባቴ አባን እስከ በር ሸኛቸው። በሩ ላይ ቆመው ቆዩ። ከሩቅ ሳይ አባቴ ያወራል፣ ፊሽካዋን አንስቶ ያሳያል፤ አባ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በመጨረሻ አባ ተመልሰው መጡና እናቴን «ሚስቱ እንቁላል ልትታቀፍ ነው አሉኝ። የታቀፈች እናት ባሏን አትነጠቅም። ይቆይ» አሏት። ይህ በየትኛው መጽሐፍ እንደተጻፈ እስከ ዛሬ እየጠየቅኩ ነው፤ ያወቀልኝ የለም።

እውነትም ታቀፈች። የሐበሻ ዶሮ ሦስት ሳምንት ነው የምትቀመጠው። ሦስተኛው ሳምንት አልፎ ምንም ሲጠፋ እናቴ «ሁሉም ግም ነው» ብላ ፈረደች።

«ባቡርም ይዘገያል» አለ አባቴ።

ሳምንት ዘግይተው መጡ። ገና ላባቸው በቅጡ ሳይደርቅ ግን ሸለምጥማጥ እናታቸውን በላት። ጠዋት ስንነሳ ከአጥሩ ሥር ግራጫ ላባ ተበትኖ ነበር፤ ሊቀመንበሩ እዚያው ላይ ቆሞ ነበር። አባቴ ፊሽካዋን ነፋለት። ለመጀመሪያ ጊዜ አልመለሰም።

አባቴ ጫጩቶቹን ካርቶን ውስጥ አድርጎ ሙቀት እንዲሆናቸው አምፖል ሰቀለላቸው። ምግባቸው የተቀቀለ እንቁላልና ሳማ መሆኑን ፈረንጁ ነግሮት ነበር። እኔ እጄን በፌስታል ጠቅልዬ ከወንዙ ዳር ሳማ እቆርጣለሁ። አባቴ ሳማውን አድቅቆ ይከትፈዋል፤ እንቁላሉን በጣቱ ይፈረፍረዋል። ቤተሰቡ ሽሮ እየበላ ወፎች እንቁላል ይቀርብላቸው ነበር። ይቀርብላቸው ነበር አልኩህ እንጂ ይበሉ ነበር አላልኩም። የተርኪ ጫጩት መብላት አያውቅም፤ እናቱ ካላሳየችው ምግቡን ረግጦ ቆሞ በረሃብ ይሞታል። አባቴ ካርቶኑ ላይ አጎንብሶ በጣቱ ጠቅ ጠቅ እያደረገ «ይኸው፣ እዚህ ጋ፣ እይ ልጄ» ሲል ይውላል። እነሱ አምፖሉን ያያሉ። ሁለቱ ሞቱ። አባቴም መብላት ተወ።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ይህን ስታይ ቆየች። ሄዳ ከሐበሻ ዶሮዋ ሥር አንዲት ቢጫ ጫጩት አነሳችና ካርቶኑ ውስጥ ከተተቻት።

«በይ አሳዪያቸው፣ እነዚህን ፈረንጆች።»

ጫጩቷ ተንገዳግዳ ተነሳች፤ እንቁላሉን አየች፤ ጠቅ አደረገች። ደገመች። አንዱ ተርኪ አንገቱን አዘንብሎ አያትና ጠቅ አደረገ። ከዚያ ሌላው። ትንሽ ቆይቶ ካርቶኑ ካፊያ እንደጀመረው ቆርቆሮ ይንጣጣ ጀመር። አባቴ ቀና ብሎ እናቴን አያት።

«ምን ታየኛለህ? ለሥጋቸው ብዬ ነው» አለችው።

(ሰልፉ አልተንቀሳቀሰም። እጄ እያበጠ ነው። ይሁን፣ ልጨርስልህ።)

ክረምት ገባ። አንድ ቀን ሲዘንብ አድሮ መብራት ጠፍቶ አደረ። ጠዋት ካርቶኑን ስንከፍት ሙቀት ፍለጋ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው ቀርተዋል። የተረፈችው ያቺ የሐበሻ ጫጩት ብቻ ናት። አባቴ ካርቶኑን በሁለት እጁ አቅፎ በጭቃው ወደ ወንዙ ወረደ። ሲመለስ እጁ ባዶ ነበር፤ ጫጩቷ ከኮቱ ኪስ ውስጥ ትጮኽ ነበር።

እሷ አድጋ ዶሮ ስትሆን ተርኪ ነኝ ብላ ቀረች። ከሊቀመንበሩ ኋላ ኋላ እየሄደች ያቺን አንድ ስንዝር ጅራቷን ልትዘረጋ ስትታገል ባየሃት። ሊቀመንበሩ ደግሞ ሚስት ሲያጣ እናቴን ወደደ። ልብስ ለማጠብ ጎንበስ ባለች ቁጥር ፊቷ መጥቶ ይንጎማለላል። «ወግድ፣ ባለጌ» ትለዋለች፣ አረፋ እየረጨችው። አባቴ ሚስት ፍለጋ ገላን ሄደ፣ ዱከም ሄደ፣ ደብረ ዘይት ሄደ። «ለራሴ እንኳ እንዲህ አልዞርኩም» እያለ ባዶ እጁን ይመለሳል። ከእያንዳንዱ መንገድ ሲመለስ ትንሽ አጥሮ የሚመለስ ይመስለኝ ነበር። ሳልም ጀመረው።

እንቁጣጣሽ ሲደርስ እናቴ ቢላዋ ሳለች። የሚቀርብ ምክንያት አልነበረም፤ የታቀፈች ሚስት የለች፣ ጫጩት የለ። ውሃው ተጥዷል፤ ቢላዋውም እጄ ላይ ነው። አባቴ በረንዳው ላይ ጋቢ ደርቦ ተቀምጧል። በዚያ ሰሞን ፊሽካዋን አንዴ ለመንፋት ሁለቴ ማረፍ ነበረበት። አልተከራከራትም።

«እሱ ከሄደ ለእኔ ማን ይመልስልኛል?» አለ፤ ልመና አልነበረም፤ መልሱን እንደማያውቅ ሰው ነው የጠየቃት።

እናቴ ሽንኩርት በነካው እጇ ግንባሯን ጠረገች። ገብታ አውራ ዶሮዋን ይዛ ወጣችና ሰጠችኝ።

«ይኼን እረድ። ለገና ግን እንደማይቀርለት ንገረው።»

ለአባቴ ይሁን ለወፉ አልነገረችኝም።

ገና ሳይደርስ፣ ጥቅምት ላይ አባቴ አረፈ።

ድንኳኑ ግቢያችን ውስጥ ተተከለ። ከድሬዳዋ የመጣችው አክስቴ በሩ ላይ ስትደርስ «ወንድሜን» ብላ ጮኸች። ከጓሮ «ግሉግሉግሉግሉ» አለ። አክስቴ ደንግጣ ቆመች፤ ከዚያ ደገመችው። እሱም ደገመው። ሰው ነጠላውን አፉ ውስጥ ወትፎ ሲንቀጠቀጥ ለቅሶ ይመስልሃል፤ በዚያች ሰዓት ግማሹ ድንኳን ሳቁን ነበር የሚታገለው። እኔም አንዱ ነበርኩ፤ እየሳቅኩ እንባዬ ይወርዳል፤ የትኛው የቱ እንደሆነ አላውቅም።

የዕድሩ ዳኛ ተነሡ። «ይሄ ነውር ነው። ልጆች፣ ወይ አውጡት፣ ወይ እረዱት።»

ሁለት ጎረምሶች ወደ ጓሮ ሲያመሩ መሬት ላይ የተቀመጠችው እናቴ ቀና አለች።

«ተዉት።»

«እትዬ፣ ለቅሶውን እኮ እያበላሸው ነው።»

«ተዉት አልኩ። ሲጠራው ሲመልስለት የኖረ ነው። እሱም ያልቅስ።»

ከዚያ በኋላ የሳቀ አልነበረም። እስከ ሠልስት ድረስ ሰፈሩ አለቀሰ፤ ሊቀመንበሩም አንድም ሳያስቀር መለሰ።

ፊሽካዋን ከአባቴ አንገት ያወለቀችው እናቴ ናት። የት እንዳኖረቻት አላውቅም፤ ስትነፋት ሰምቼ አላውቅም። ገና መጣ፤ ቢላዋ አልተሳለም። ፋሲካም መጣና ሄደ። ግን በየቀኑ፣ አባቴ በረንዳው ላይ ይቀመጥ በነበረበት ሰዓት፣ ከማድ ቤት የድስት ክዳን ይወድቅ ጀመር። ሲሚንቶው ላይ ይንቃጨላል። ከጓሮ ሦስቴ መልስ ይመጣል።

«እጄ ደክሟል» ትላለች እናቴ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ሊቀመንበሩ በእርጅና ነው የሞተው፤ ተርኪ ነኝ የምትለው ዶሮ አጠገቡ ተቀምጣ። ከኮባው ሥር ቆፍሬ ቀበርኩት። ያን ዕለት ምሽት እኔና እህቶቼ ሳሎን ተቀምጠን ሳለ ከማድ ቤት ክዳኑ ወደቀ። ሲሚንቶው ላይ ዞረ፣ ዞረ፣ ድምፁ እየቀጠነ ሄዶ ቆመ። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤታችን እንኳ ሬዲዮኑን ዝቅ አደረገ። ጥቂት ቆይቶ እናቴ ክዳኑን ከመሬት ስታነሳው ሰማናት፤ በጨርቅ ጠረገችው፤ ከዚያ ቀስ አድርጋ፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ ድስቱን ከደነችው።