ዳገቱ ላይ የምትዘለዋ ፒክአፕ

የእህቴን ባል ሰፈሩ ሁሉ «ባሌስትራ» እያለ ነው የሚጠራው። ከመኪና ሥር ተደራርቦ የሚታሰረውን ያንን ረጅም ብረት ሲጠግን ዕድሜውን ስለጨረሰ ነው። እኔ ግን ጋሼ ነው የምለው፤ ስናደድበት ደግሞ «አንተ ሰውዬ»። ስናደድበት ነው የኖርኩት ማለት ይቻላል።

ትውውቃቸውን ልንገራችሁ። ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ ያኔ የአባታችንን ወፍጮ ቤት ዱቄት በፒክአፕ ታመላልስ ነበር። ቀልጣፋ ናት፤ ነዳጅ ላይ እግሯ አይራራም። ጋራዡ ፊት ለፊት ያለው ዳገት ላይ ቆማ ስትነሳ መኪናዋ ከኋላ ትዘላለች። ጎማዎቹ መሬቱን ይይዛሉ፣ ይለቃሉ፣ መልሰው ይይዛሉ፤ ጆንያው ሁሉ ይንገጫገጫል። አንድ ቀን ጋሼ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣና ነዳጁን ቀስ ብላ ብትረግጥ መኪናዋ እንደማትዘል ነገራት። እሷ ምን ብትለው ጥሩ ነው?

«የምትጠግነው መኪና ነው ወይስ እግር?»

ከዚያ ወዲያ ፒክአፗ በየሳምንቱ ጋራዥ መግባት ጀመረች። አባታችን ይህች መኪና ምን ነካት እያለ ሲብሰለሰል፣ የነካት ምን እንደሆነ ገብቶኝ እኔ በሆዴ እስቅ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ተጋቡ። ፒክአፗንም አባታችን ለሙሽሮቹ ሰጣቸው፤ ዱቄት ማመላለሱ ግን አልቀረላትም።

ጋሼ አሠራሩ ለብቻው ነው። ሌላው መካኒክ ከመኪና ሥር ሲገባ፣ እሱ መጀመሪያ ከኋላ ጭነት መጫኛው ላይ ወጥቶ በደረቱ ይተኛና ጆሮውን ወለሉ ላይ ይለጥፋል። መኪናው አፍንጫውን ሽቅብ አድርጎ ዳገቱ ላይ ይቆማል። ከዚያ አንድ ሰው በአንደኛ ማርሽ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረግጦ ፍሪሲዮኑን ድንገት መልቀቅ አለበት። ችግሩ እዚህ ላይ ነበር፤ ባለመኪኖቹ ለመኪናቸው ይሳሳሉ፣ ሲረግጡ እያባበሉ ነው። እትዬ ግን የማንም መኪና አያሳዝናትም። ስለዚህ ዱቄቷን አድርሳ እስክትመለስ መኪኖች ተሰልፈው ይጠብቋታል። ከኋላ አንዴ ካንኳኳ በቃ፣ ሁለቴ ካንኳኳ ድገሚው ማለት ነው። ከዚያ ብድግ ይልና ልብሱን እያራገፈ ይሄኛው ብረቱ ደክሟል፣ ሲገፋ ይጠማዘዛል፤ የዚያኛው ቡሎኑ ላልቷል፤ የዚህ ደግሞ ላስቲኩ አልቋል ይላል። እትዬ ከመሪው ሳትነሳ «አላልኩህም?» ትለዋለች። ምንም አላለችም እኮ!

እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። የሰው መኪና ሁሉ ድኖ ሲሄድ የራሳቸው ፒክአፕ እንደዘለለች ቀረች። ስንት ጊዜ ጨቀጨቅኩት! ነገ ይለኛል፤ ያ ነገ መቼም አይመጣም። አንድ ቀን ከእትዬ ጎን ተቀምጬ፣ ዳገቱ ላይ ስታስነሳት ጭንቅላቴ ከጣሪያው ጋር ተጋጨ። እትዬ ሳቋን ለቀቀችው። መሪውን ታቅፋ፣ እንባዋ እስኪወርድ፣ ትንፋሽ እስኪያጥራት ነው የምትስቀው። ያቺ መኪና በዘለለች ቁጥር እንደዚያው ነበረች፤ አንድም ቀን ሰልችቷት አያውቅም። ወርጄ አናቴን እያሻሸሁ ጋሼ ላይ ጮኽኩበት። የባለሙያ መኪና እንዲህ ስትሆን ሰው ቢያይ አያሳፍርህም ወይ አልኩት። እሱ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ የእህቴን ሳቅ ያዳምጥ ነበር።

«ካስተካከልኳት በምን ትስቃለች?» አለኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለዚያች መኪና አፌን ዘጋሁ።

እትዬ ታማ ብዙም ሳትቆይ ሞተችብን። ጋራዡን ልጃቸው ተረከበ፤ ጎበዝ ነው፣ እጁ የአባቱ እጅ ነው። ጋሼ ሥራ ቢያቆምም እሑድ ጠዋት መንገዱ ጭር ሲል ፒክአፗን ያወጣና ዳገቱ ሥር ያቆማታል። አንዴ ብቻ ይረግጣል። ግጭ፣ ግጭ፣ ግጭ። ከዚያ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቤቴ ከመንገዱ ጠርዝ ላይ ስለሆነ የመስኮቴ መስታወት ይንቀጠቀጣል። ሻዬን ይዤ እጠብቀዋለሁ። ያ ድምፅ በመጣ ቁጥር ሳቋ ተከትሎ የሚመጣ ይመስለኛል። ምን ልዋሽ፣ አለቅሳለሁ። እሱም ያንን ሳቅ ፍለጋ እንደሚወጣ አውቃለሁ።

በቅርቡ ጋሼ ሴት ልጁን ሊጠይቅ ሌላ ከተማ ሄዶ ሰነበተ። ወንዱ ልጅ አጋጣሚውን አግኝቶ አባቱን ላስደስት ብሎ ተነሳ። የባሌስትራ መኪና ትዘላለች እየተባለ መሾፉም አንገሽግሾታል። አሮጌውን ብረት ፈታ፣ አዲስ ገጠመ፣ ላስቲኮቹን ሁሉ ለወጠ። ሁሉን ጨርሶ ነው እኔ ቤት የመጣው። «አክስቴ፣ አባዬ ሲነዳት ፊቱን እይልኝ» እያለ ይፈነድቃል። እኔ ክው አልኩ። አሮጌው ብረት የት አለ ብለው፣ ውዳቂ ብረት ለሚሰበስብ ሰው ሰጥቶት ተቆራርጧል። ጋሼ ሲመለስ አስቀድሜ ልነግረው ብሄድ መንገድ አድክሞት ተኝቷል።

እሑድ ጠዋት ሞተሩ ሲጮህ ሰማሁ። መስኮቴ ግን ዝም። ፒክአፗ ዳገቱን ለስለስ ብላ ወጣችና ጫፉ ላይ ቆመች። ሹራቤን ደርቤ ሮጥኩ። ጋሼ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል። ያንን ልጅ ዛሬ አንገቱን አንቄ ነው የማነጋግረው አልኩ። ጋሼ ቀና ብሎ አየኝ።

«ምንም እንዳትይው» አለኝ። «ሥራው ጥሩ ነው። እኔም ብሠራት እንዲሁ ነበር የምሠራት።»

ልጁ ታች ጋራዡ በር ላይ ቆሞ፣ ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆኖ ያየናል። ጋሼ እጁን በመስኮቱ አውጥቶ አውለበለበለት።

ከዚያ ወረደ። የልጁን ሥራ እንደ ደንቡ ማየት አለብኝ ብሎ ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠው። ኧረ ጋሼ በዚህ ዕድሜህ ብለው ማን ሰምቶኝ! እያቃሰተ ከኋላ ወጣና በደረቱ ተኛ። እኔ ገባሁ። ወንበሩ በእትዬ ቁመት ልክ ወደፊት እንደተጎተተ ነው፤ ሰውዬው ይህን ሁሉ ጊዜ ጉልበቱን አጥፎ ነው ሲነዳ የኖረው። እኔን ደግሞ እትዬ እንቁላል የጫነች ይመስል ነው የምትነዳው እያለች ዕድሜዋን ሙሉ ስትስቅብኝ ኖራለች። ፒክአፗን ዳገቱ ሥር መለስኳት፣ አፍንጫዋን ሽቅብ አዞርኩ፣ አንደኛ ማርሽ አስገባሁ። እስከ መጨረሻው ረገጥኩና ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩት።

ቀጥ ብላ ወጣች። የላላ ነገር የለ፣ የሚንገጫገጭ ነገር የለ። እንከን እንደሌላት እኔ እንኳን አውቄዋለሁ። ጫፉ ላይ ቆሜ አንዴ አንኳኩቶ በቃ እንዲለኝ ጠበቅኩ።

ሁለቴ አንኳኳ።

ወደ ዳገቱ ሥር መለስኳት።