መምህሬ ያዩት የገዛ ደማቸው

ቡራዩ ውስጥ በአንድ ክሊኒክ ላቦራቶሪ እሠራለሁ። በቀን ውስጥ በማይክሮስኮፕ የማያቸውን የደም ስላይዶች አብዛኛዎቹን ማታ ቤት ስገባ ረስቻቸዋለሁ። የአንድ ሰው ደም ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ሰውየው ሰበታ ተማሪ ሳለሁ ባዮሎጂ ያስተማሩኝ መምህር ናቸው። ትምህርት ቤቱ የነበረውን አንድ ማይክሮስኮፕ ከቁም ሳጥን አውጥተው፣ አሰልፈውን፣ የሽንኩርት ልጣጭ በየተራ አሳይተውናል። ይህን ሙያ የመረጥኩት በእሳቸው ምክንያት ነው። ጡረታ ሲወጡ ቡራዩ ከሴት ልጃቸው ጋር መኖር ጀመሩ።

በሚያዝያ አንድ ጠዋት ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛ ክሊኒካችን አመጣቻቸው። መጀመሪያ አላወቅኋቸውም። ፊታቸው ከስቶ ኮታቸው ሰፍቷቸዋል፤ እግራቸው ግን ከማበጡ የተነሳ የጫማቸውን ማሰሪያ ፈተውት ነበር። ሌላ ቦታ የደም ማነስ ነው ተብለው ለሦስት ወር የአይረን ኪኒን ውጠዋል። ጎረቤት የመከራቸውን ቀይ ሥርም በልተዋል። ድካሙ ግን እየባሰ ሄደ እንጂ አልቀነሰም።

ደም ቀድቼ ስላይድ በሚባለው መስታወት ላይ ቀባሁና አቅልሜ አየሁት። ጤነኛ ቀይ የደም ሕዋስ ክብ ነው፣ ጠርዙ ለስላሳ፣ መሃሉ ሳሳ ያለ። አይረን ሲያንስ ደግሞ ትንሽና የገረጣ ይሆናል። የእሳቸው እንደዚያ አልነበረም። ብዙዎቹ ሕዋሳት ዙሪያቸውን አንዱ ረጅም አንዱ አጭር የሆነ እሾህ አብቅለዋል። የሌሎቹ መሃል ላይ ጠቆር ያለ ነጥብ አለ።

የእኔ ስህተት መሰለኝ። የቆየ ወይም ቀስ ብሎ የደረቀ ደም እንዲህ ሊያሳስት ይችላል። ስለዚህ መልሼ ጠርቻቸው አዲስ ደም ቀዳሁ፤ ማቅለሚያው ደህና መሆኑን ለማረጋገጥም የራሴን ደም አብሬ ቀባሁ። የእኔ ክብ ነበር። የእሳቸው ያው ነው።

ኮሌጅ የተማርነው ትዝ አለኝ። ጉበት ክፉኛ ሲጎዳ የደሙ ስብ ሚዛን ይዛባል፤ ትርፉ ስብ በቀይ ሕዋሳቱ ሽፋን ላይ ይከማችና ቅርጻቸውን ያበላሸዋል። የተበላሹትን ጣፊያ ቶሎ ቶሎ ይሰባብራቸዋል። የዚህ ዓይነቱን የደም ማነስ አይረን አይመልሰውም።

ለሐኪሙ አሳየሁት። አይቶ የጉበትና የቫይረስ ምርመራ አዘዘ። ስመለስ መምህሬ በላቦራቶሪው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ለምን ሁለቴ እንደቀዳኋቸው ገብቷቸዋል። ማየት እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። አይፈቀድም፤ ግን እሳቸውን እምቢ የምልበት አንደበት አልነበረኝም። መጀመሪያ የእኔን ደም አዩ፣ ቀጥሎ የራሳቸውን። ረጅም ጊዜ ቀና አላሉም።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ። በልጅነቴም «ልጄ» ሲሉኝ በኦሮምኛ ነበር። «እውነቱን ንገሪኝ።»

«ጋሼ፣ ዝርዝሩን የሚነግርዎት ሐኪሙ ነው። እኔ የማየው ጉበትዎ መጎዳቱን ነው። ብዙ ተጎድቷል።»

ራሳቸውን ነቀነቁና አመስግነውኝ ወጡ። ያን ቀን ሥራዬን እንዴት እንደጨረስኩ አላውቅም።

ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ተገኘባቸው፤ ምናልባት ለአሥርት ዓመታት ምንም ሳያሳይ አብሯቸው የኖረ። ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈላቸው። ጉበት መሆኑ ሲሰማ ሰፈሩ አረቄ ነው ብሎ አወራ። ልጃቸው ይህን እያነሳች አጠገቤ አለቀሰች። አባቷ ጠጅ እንኳ ቀምሰው አያውቁም። እሳቸው ለወሬው ጆሮ አልሰጡም፤ ያሳሰባቸው ልጆቻቸው ነበሩ። ቫይረሱ በቤተሰብ ውስጥ ሊተላለፍ ስለሚችል ሐኪሙ ሁሉም መመርመር እንዳለባቸው ነግሯቸዋል።

ሁለቱ ሴቶች ልጆች ተመርምረው ነፃ ሆኑ። ሱሉልታ የሚሠራው የመጨረሻው ወንድ ልጅ ግን እምቢ አለ። እጮኛ ነበረው፤ ቢገኝብኝ ትተወኛለች ብሎ ፈራ። አባቱ ስልክ ደጋግመው ቢደውሉም አልሆነም። በመጨረሻ በዚያ አቅማቸው፣ በሚኒባስ፣ በልጃቸው ተደግፈው ሱሉልታ ድረስ ሄዱ። የሆነውን በኋላ የነገረችኝ እሷ ናት። አልተቆጡትም፣ አልለመኑትም። ካልሲያቸውን ዝቅ አድርገው ያበጠ እግራቸውን አሳዩትና፣ «እኔ በጊዜ የማወቅ ዕድል አላገኘሁም፤ አንተ አግኝተሃል» አሉት።

በማግስቱ ሦስቱም አብረው መጡ። ደሙን የቀዳሁት እኔ ነኝ፤ ቫይረሱ ተገኘበት። ጉበቱ ግን ገና አልተነካም። ሐኪሙ ይህን ሲነግራቸው መምህሬ ግድግዳውን ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልጅየው የአባቱን እጅ ያዘ።

መምህሬ በጥቅምት ዐረፉ። ሰበታ ተቀበሩ፤ ከእኔ ጋር የተማሩ ብዙዎች መጥተው ነበር። ልጅየው ለእጮኛው ራሱ ነገራት፤ አልተወችውም። የሕክምና ክትትሉን አላቋረጠም፤ ባለፈው ጥር ተጋቡ። እሷ ከሠርጉ በፊት የቫይረሱን መከላከያ ክትባት ጨርሳ ነበር።