የዶና ኢራሲ ተማሪ

በወንዛችን ዳር ባለው ጤና ጣቢያ ከነርስ አስተማሪዋ ከዶና ኢራሲ እጅ ያልወጣ ነርስ አልነበረም። ቁስል ማሸግ ሲያስተምሩ ድምፃቸው አይሰማም፤ ያሳያሉ እንጂ። ከተማሪዎቻቸው ሁሉ አብልጠው ዡሳራን ይወዱ ነበር። የመጨረሻውን መንፈቅ ከእርሳቸው ጋር እንድትጨርስ፣ ጡረታ ሲወጡም ቦታቸውን እንድትይዝ በልባቸው ወስነዋል። ለማንም አልተናገሩም፤ ለእርሷም ቢሆን።

ታዲያ አንድ ዓመት ተማሪዎቹን ከሚልከው የጤና ትምህርት ቤት አዲስ ሥርዓት መጣ። የሕክምና፣ የነርስና የፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና፣ ተማሪዎች ከእንግዲህ ተለያይተው አይማሩም ተባለ። በአንድ ቡድን ሆነው በሽተኛውን ቤቱ ድረስ ሄደው ያዩታል፤ ሲመለሱ ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጠው እያንዳንዱ በሌላው ሙያ ዓይን ይናገራል። (ያ ማንጎ ዛሬ ተቆርጧል፤ ጥላው ግን እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ።) ቡድኑን የሚመሩት ዶና ኢራሲና ኦታሲሊዮ የተባለ ሳቂታ የፊዚዮቴራፒ መምህር ሆኑ።

ከዚያ ወዲያ የዡሳራ አፍ ሌላ ስም ለመደ።

«መምህር ኦታሲሊዮ እኮ አረማመዱን ብቻ አይቶ የሰውን ሕመም ያውቃል!»

«እኔም ፊቱን አይቼ አውቃለሁ።»

«እርሱ ከጀርባም ያውቃል።»

ከማንጎው ሥር የዡሳራና የኦታሲሊዮ ሳቅ ሲመጣ ዶና ኢራሲ ፋሻ የሚጠቀልሉ መስለው በመስኮት ያዳምጡ ጀመር። ያ ሳቅ እንደ እሾህ ይወጋቸው ነበር።

በዚያ ሰሞን የቡድኑ በሽተኛ ልብስ ሰፊዋ ዶና ቤንቪንዳ ነበሩ። ስኳር አለባቸው፤ ውስጥ እግራቸው ላይ ያለው ቁስል ይድንና መልሶ ይከፈታል። ቡድኑ የሚሄደው ረቡዕ ከሰዓት ነው። ዶና ኢራሲ ዡሳራን ለብቻ ጠርተው፣ «ጠዋት እኔና አንቺ ቀደም ብለን እንሂድ» አሏት።

«ሌሎቹስ?»

«ቁስል የነርስ ነው።»

እንደ ገቡ ዶና ኢራሲ እንደ ልማዳቸው የዶና ቤንቪንዳን እግር በርጩማ ላይ አሳረፉ። ዡሳራ ግን አልተቀመጠችም።

«ዶና ቤንቪንዳ፣ እስቲ እኛ እንዳልመጣን ሆነው ሥራዎን ይሥሩ።»

አሮጊቷ ተነሥተው ጫማቸውን አወለቁና ከስፌት መኪናቸው ፊት ተቀመጡ። ባዶ እግራቸውን የብረት መርገጫው ላይ ሲያሳርፉ የመርገጫው ጠርዝ ልክ ቁስሉ ላይ ዐረፈ።

«በባዶ እግር?» አሉ ዶና ኢራሲ ደንግጠው።

«በጫማማ መኪናው አይታዘዘኝም።»

«ይህን ሁሉ ወር ለምን አልነገሩኝም?»

«መች ጠየቁኝ? እርስዎ ሲመጡ እግሬ ሁልጊዜ በርጩማ ላይ ነው።»

የዡሳራ ፊት በራ። «መምህር ኦታሲሊዮ በሽተኛን ሥራው ላይ እዩት ይለናል!»

«ለመሆኑ አንቺ የእርሱ ተማሪ ነሽ ወይስ የኔ?»

ዶና ቤንቪንዳ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ወይ ጉድ! ባሌ ከጎረቤቴ ጋር ሲደንስ እንኳ እኔ እንዲህ አልሆንኩም!»

ዡሳራ መሬት መሬቱን እያየች፣ «የመጨረሻውን መንፈቅ ከእርሱ ጋር እንድሠራ ጠይቄያለሁ። ልነግርዎ ፈርቼ ነው» አለች።

ዶና ኢራሲ ቁስሉን አጥበው አሸጉ። ፋሻውን ግን ከወትሮው አጠበቁት፤ ዶና ቤንቪንዳ «ኧረ እግሬ ምን አደረገ!» እስኪሉ ድረስ።

ከሰዓት ማንጎው ሥር ዶና ኢራሲ፣ ጠዋት ከዡሳራ ጋር ለብቻ ሄደው እንደነበር ለቡድኑ ተናገሩ። ከዚያም ወደ ኦታሲሊዮ ዞሩ።

«የስፌት መኪናው መርገጫ ነው የዶና ቤንቪንዳን እግር የሚበላው። ሂድና አንድ ነገር አልብሰው። ይህ ያንተ ሙያ ነው።»

«እርስዎም አብረውኝ ይሂዱ እንጂ፤ ምን ያህል መወፈር እንዳለበት ቁስሉን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።»

ሄዱ። መንገዱን ሙሉ ከፊቱ ቀድመው ተራመዱ። መርገጫውን ግን አብረው ስፖንጅና ቆዳ አለበሱት።

ዡሳራ በመንፈቁ መጀመሪያ ወደ ኦታሲሊዮ ሄደች። ዶና ኢራሲ ደግሞ ከቡድኑ ውስጥ ክሎቪስ የተባለውን የሕክምና ተማሪ፣ ቁስል ሲያይ የሚያልበውን፣ «እርሱን ስጡኝ» ብለው ወሰዱት። የሕክምና ተማሪ ነርስ ዘንድ ሊማር ሲመደብ በጤና ጣቢያው ያ የመጀመሪያው ነበር። የልጁ ፋሻ ጠማማ ነው፤ አንዳንዴም በሽተኛው ቤቱ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይፈታል።

አንድ ቀን ዡሳራ ከኦታሲሊዮ ጋር በግቢው ስታልፍ ዶና ኢራሲ ክሎቪስ ቁስል የሚያሽግበትን ክፍል መስኮት ወለል አድርገው ከፈቱ።

«እንዲህ ያለ እጅ በዕድሜዬ አላየሁም!» አሉ፤ ድምፃቸው ወንዙ ድረስ ተሰማ።

ክሎቪስ ግራ ገብቶት እጁን አየ። ዡሳራ ቆመችና ወደ መስኮቱ ቀና አለች። ዶና ኢራሲ ያላዩአት መስለው ፊታቸውን ወደ ቁስሉ መለሱ።